ገነትና ሲኦል በአዘዞ ምድር

የሰው ልጅ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚከብደው ከሞት በኋላ ስላለው ነገር የሚጠይቀው ነው። ስለ እርሻው ወይም ስለ ጤናው ለሚጠይቅ ሰው ጎረቤቱ ወይም ሐኪሙ ይመልስለታል፤ ነፍሱ ከሥጋው በተለየች ጊዜ ወዴት እንደምትሄድ ለሚጠይቅ ግን ከዚያ ደርሶ የመጣ ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ ምክንያት ብዙ ሊቃውንት ተከራከሩ፥ ብዙ መጻሕፍትም ተጻፉ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ይህ ክርክር በባሕር ማዶ ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጡረታ ወጥቼ በምኖርባት በአዘዞ ምድር ላይም ተደርጓል። ታሪኩን አውቃችሁ ትምህርት ትቀስሙበት ዘንድ በአጭሩ ልጻፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አዘዞ ከጎንደር በስተ ደቡብ ያለች ስፍራ ናት። ዛሬ መንገደኛው የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ነው፤ ዳሩ ግን ታሪኳ ከጎንደር ከተማ ይቀድማል። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ፥ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ዋና ከተማ ከማድረጋቸው በፊት፥ በአዘዞ የአትክልት ቦታ አስተክለው፥ የውሃ ገንዳ አሠርተው፥ ቤተ ክርስቲያን አቆሙ፤ ስሙንም ገነተ ኢየሱስ አሉት። በቅርብ ዓመታት የስፔን አርኪዎሎጂስቶች መጥተው የዚያን ዘመን ፍርስራሽ ቈፍረው መርምረዋል። ገነት በግእዝ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ የጻድቃን ነፍሳት የሚያርፉበትም ስፍራ በዚሁ ስም ይጠራል። እንግዲህ የአዘዞው ቤተ ክርስቲያን ስም ራሱ የክርክሩን ርእስ ይዞ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ አባቶቻችን የሚያስተምሩትን ማወቅ ይገባል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነፍስ ከሥጋ ስትለይ አትጠፋም። የጻድቅ ነፍስ ወደ ገነት፥ የኃጥእ ነፍስ ወደ ሲኦል ትሄዳለች፤ ሁለቱም በዚያ ሆነው የትንሣኤን ቀን ይጠብቃሉ። በመጨረሻው ፍርድ ነፍስና ሥጋ ከተዋሐዱ በኋላ ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፥ ኃጥኣን ወደ ገሃነመ እሳት ይወርዳሉ። ስለዚህ ገነት ከመንግሥተ ሰማያት፥ ሲኦልም ከገሃነም ይለያል፤ የፊተኞቹ መቆያዎች፥ የኋለኞቹ ማደሪያዎች ናቸው። ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚደረገው፥ በአርባና በሰማንያ ቀን ጸሎት የሚደረስለት፥ ተዝካርም የሚወጣለት፥ በሞትና በመጨረሻው ፍርድ መካከል ባለው ጊዜ የሕያዋን ጸሎት ለሙታን ይጠቅማል ተብሎ ስለሚታመን ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋችንን ዕድል ልብ በሉ። ሲኦልና ገሃነም የሚባሉት ሁለቱ ቃላት ከዕብራይስጥ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ የእኛ ተርጓሚዎችም ሁለቱን ለይተው ጠበቁልን። በ1611 በታተመው በታወቀው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሁለቱ በብዙ ስፍራ በአንድ ቃል ስለ ተተረጐሙ፥ የእንግሊዝ አንባቢ መቆያውን ከማደሪያው መለየት ተቸገረ፤ በኋላም ሊቃውንቱ ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ወረቀት ጨረሱ። የቈሎ ተማሪ በቃል ጥናቱ የሚያውቀውን ነገር የባሕር ማዶ ምሁር በብዙ ድካም ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

መጽሐፈ ሄኖክም በሌላው ዓለም ሲጠፋ ሙሉው በግእዝ ተጠብቆ የቆየው በእኛ ዘንድ ነው። ይህ መጽሐፍ በ22ኛው ምዕራፉ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚሰበሰቡባቸውን የተለያዩ ስፍራዎች ይተርካል፤ ለጻድቃን የተለየው ብርሃንና የውሃ ምንጭ ያለበት ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቆየ በኋላ ወደ አውሮፓ ሲመለስ የዚህን መጽሐፍ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ አሳተመው፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ አይሁድ ስለ ነፍስና ስለ ሲኦል ያስቡት የነበረውን ከእርሱ ብዙ ተማሩ።

አሁን ወደ ዐፄ ሱስንዮስ ዘመን እንመለስ። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1603 ኢትዮጵያ ገባ። ብልህና ትዕግሥተኛ ሰው ስለ ነበረ በቤተ መንግሥት ተወደደ፤ ንጉሡም ባሉበት ከሀገሩ ሊቃውንት ጋር ይከራከር ነበር። የክርክሩ ዋና ርእስ የክርስቶስ ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን የነፍስም ጉዳይ አልቀረም። ሚሲዮናውያኑ በጻፏቸው መጻሕፍት ስሕተት ብለው ከቈጠሩብን መካከል ስለ ነፍስ የሚናገሩ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛው፥ ነፍስ ለእያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር ትፈጠራለች ወይስ ከወላጆች ትተላለፋለች የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ የጻድቃን ነፍሳት እንደ ሞቱ ወዲያው እግዚአብሔርን ያያሉ ወይስ እስከ ፍርድ ቀን በገነት ይጠብቃሉ የሚለው ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች ከንቱ ፍልስፍና አይምሰሏችሁ። ነፍስ ከመብራት መብራት እንደሚለኮስ ከወላጅ ወደ ልጅ የምትተላለፍ ከሆነች፥ የአዳም ኃጢአት ለልጆቹ እንዴት እንደ ደረሰ ማስረዳት ይቀልላል፤ ነገር ግን ሥጋ ከሥጋ እንደሚወለድ የተወለደች ነፍስ ከሥጋ ጋር ለምን አትሞትም የሚል ጥያቄ ይነሣል። ነፍስ በየጊዜው ከእግዚአብሔር እጅ የምትወጣ ከሆነች ደግሞ አለመሞቷን ማስረዳት ይቀልላል፤ ነገር ግን ከንጹሕ እጅ የወጣች ነፍስ የአዳምን ዕዳ ለምን ትሸከማለች የሚል ጥያቄ ይከተላል። ታላቁ አውግስጢኖስ እንኳ በዚህ ነገር ቍርጥ ያለ ፍርድ ሳይሰጥ ኖሯል።

በሁለተኛው ጥያቄ ካቶሊካውያኑ ከሊቀ ጳጳሳቸው የተቀበሉት ውሳኔ ነበራቸው። በ14ኛው መቶ ዓመት ጳጳሱ ዮሐንስ 22ኛ የጻድቃን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን ይጠብቃሉ ብለው ስለ ሰበኩ በገዛ ሊቃውንቶቻቸው መካከል ታላቅ ሁከት ተነሣ፤ እርሳቸውም ሊሞቱ ሲሉ ቃላቸውን መለሱ። ተከታያቸው በነዲክቶስ 12ኛ በ1336 የጠሩ ነፍሳት ወዲያው እግዚአብሔርን ያያሉ ብለው ወሰኑ። የፍሎረንስ ጉባኤም በ1439 ነፍስ የምትነጻበት የመንጽሔ ስፍራ እንዳለ አጸና። ከኢየሩሳሌም የተላኩ የኢትዮጵያ መነኮሳት በ1441 በዚያው ጉባኤ ፊት ቀርበዋል። እንግዲህ ፓኤዝ በሱስንዮስ ፊት ሲከራከር ይዞት የመጣው የሦስት መቶ ዓመት ክርክር ውሳኔ ነበር፤ ሊቃውንቶቻችን ግን በዚያ ውሳኔ ውስጥ እጃቸው ስላልነበረበት የአባቶቻቸውን ቃል ያዙ።

ክርክሩ በቃል ቀርቶ ቢሆን መልካም ነበር። ዳሩ ግን ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን ገለጹ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ፤ በእርሱ ፈንታ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ትዕግሥት አልነበረውም። በ1618 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በ1626 በአውሮፓውያን፥ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ጳጳስ ታማኝነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም ዳግመኛ እንዲሾሙ ታዘዘ። እናቱን በአባቶች ሥርዓት የቀበረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያስብ ገምቱ፤ የእርሱ ጥምቀት ጥምቀት ካልሆነ፥ ሳይጠመቁ የሞቱት እናቱ ዛሬ የት ናቸው? ትእዛዙ የሕያዋንን ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የሙታንን ዕረፍት የነካ ነበርና፥ ገበሬው ሁሉ ተቈጣ።

ዐመፅ በየአገሩ ተነሣ። በመጨረሻ በ1632 የላስታው መልክአ ክርስቶስ ሠራዊት ከንጉሡ ጋር በወይና ደጋ ተዋጋ። ንጉሡ አሸነፉ፤ በሜዳው የወደቀው ወደ 8,000 ሰው እንደ ነበረ ተጽፏል። ሬሳውን ባዩ ጊዜ ድላቸው ሐዘን ሆነባቸው፤ የሞቱት የራሳቸው ሕዝብ፥ በአንዱ ክርስቶስ የሚያምኑ ነበሩና። ወዲያው የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዚያው ዓመት በመስከረም ሞቱና በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ነፍስ ወዴት እንደምትሄድ በፊታቸው ያከራከሩት ንጉሥ፥ ሥጋቸው በገነት ስም በተጠራው ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ1830 ሳሙኤል ጎባት የተባለው የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ጎንደር ገብቶ ወንጌልን በአማርኛ እያደለ ከካህናቱ ጋር ተወያየ። ፕሮቴስታንቶች መንጽሔንም ለሙታን መጸለይንም አይቀበሉም፤ ሰው ከሞተ በኋላ ዕድሉ አይለወጥም ይላሉ። ከ1907 ጀምሮ ወደ ሀገራችን ክፍለ ምድር የመጡት፥ በኋላም በደብረ ታቦር ሆስፒታል ያቋቋሙት አድቬንቲስቶች ደግሞ ሌላ ትምህርት አላቸው። ሙታን እስከ ትንሣኤ ያንቀላፋሉ፥ ነፍስ በራሷ የማትሞት አይደለችም፥ ክፉዎችም ይጠፋሉ እንጂ ለዘላለም ሲቃጠሉ አይኖሩም ይላሉ።

እኔ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። በቤት አያቴ ለሙታን ጧፍ ሲያበሩ፥ ተዝካር ሲያወጡ እያየሁ አደግሁ፤ በትምህርት ቤት ግን ለሙታን መጸለይ አይገባም ተብዬ ተማርሁ። በኋላ መምህር ሆኜ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎች፥ «የኔታ፥ ገሃነም በእውነት ለዘላለም ይነዳል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም የሁለቱን ወገን ማስረጃ እነግራቸዋለሁ። ነፍስ ሕያው ናት የሚለው ወገን በሉቃስ ወንጌል ያለውን የባለጠጋውንና የአልዓዛርን ነገር ይጠቅሳል፤ በማቴዎስ 25 የዘላለም ሕይወትና የዘላለም ቅጣት ጎን ለጎን መነገራቸውንም ያሳያል። ክፉዎች ይጠፋሉ የሚለው ወገን ጌታ በማቴዎስ 10 ነፍስንም ሥጋንም በገሃነም ሊያጠፋ የሚችለውን ፍሩ ማለቱን ይጠቅሳል፤ በዘፍጥረትም አዳም ነፍስ ሆነ ይባላል እንጂ ነፍስ ተሰጠው አይባልም ይላል። ቋንቋችንም ለሁለቱም ያበድራል፤ «ነፍስ ይማር» ስንል ከሥጋ የተለየችውን፥ «ነፍስ ገደለ» ስንል ግን ሰውየውን ራሱን ማለታችን ነውና።

በጎንደር አጠገብ በእንፍራዝ ኖረ ከሚባለው ከዘርአ ያዕቆብ ስም ጋር የተያያዘው «ሐተታ» ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አሳቡ ግን ግልጽ ነው። በዚህ ዓለም ክፉ ሰው ሲጠግብ፥ ደግ ሰው ሲራብ እናያለን፤ ፈጣሪ ጻድቅ ከሆነ ይህ ፍርድ የሚቃናበት ሌላ ሕይወት መኖር አለበት ይላል። ይህን ስታነቡ፥ ሰው ስለ ገሃነም የሚጠይቀው ስለ እሳት ለማወቅ ብቻ እንዳልሆነ ታስተውላላችሁ። የተበደለ ሰው ፍርድ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ የበደለም ሰው ምሕረት አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ለሁለተኛው ጥያቄ ሕዝባችን የበላዔ ሰብን ታሪክ ይመልሳል። በተአምረ ማርያም የተጻፈው ይህ ሰው 78 ነፍስ በልቶ ሳለ፥ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው የሰጠው ጥርኝ ውሃ በሚዛን ላይ ከኃጢአቱ ሁሉ ከበደ። የነገረ መለኮት ተማሪ በዚህ ላይ ብዙ ሊጠይቅ ይችላል፤ እኔም በልጅነቴ በትምህርት ቤት ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። ነገር ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተሥሎ የሚያየው ገበሬ ከታሪኩ የሚወስደው አንድ ነገር ነው፤ ለተጠማ ሰው የተሰጠ ውሃ ከንቱ አይቀርም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ፥ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንድትይዙ እመክራችኋለሁ። መጀመሪያ፥ ተከራከሩ፤ ካልደፈረሰ አይጠራም፤ ነገር ግን ክርክራችሁ ከመጽሐፍና ከምክንያት አይውጣ። ፓኤዝ በቃል ሲከራከር ሰሚ አገኘ፤ ከእርሱ በኋላ ዐዋጅና ጦር ሲመጣ ግን የወይና ደጋ ሜዳ በሬሳ ተሞላ። ሁለተኛ፥ የሌላውን ሰው ሙታን አትንኩ። እናቱን በሲኦል አለች የምትሉት ሰው የእናንተን ወንጌል አይሰማም። ሦስተኛ፥ በእጃችሁ ያለውን ሥራ አትተዉ። ባልዋ የሞተባት ሴት ለተዝካር ብላ የእርሻ በሬዋን ስትሸጥ ብታዩ፥ ስለ መንጽሔ ከመከራከራችሁ በፊት ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ጠይቁ። እነዚህ ወገኖች ሁሉ፥ ነፍስ ትጠብቃለች የሚሉትም ታንቀላፋለች የሚሉትም፥ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ፈራጁ በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀው የተራበውን አብልታችሁ፥ የታረዘውን አልብሳችሁ እንደ ሆነ ነው። የገሃነምን እሳት ዕድሜ መቊጠር ለማንም አልተሰጠም፤ የተራበን ጎረቤት ማብላት ግን ለሁላችን ተሰጥቶናል፥ ጊዜውም ዛሬ ነው።