ብርና ሚዛን በመተማ ገበያ

ሳንቲም ሲገባበት የሰውን ክብደት የሚናገር ወይም ጣፋጭ የሚሸጥ ሣጥን በአውሮፓና በአሜሪካ የባቡር ጣቢያዎች የተስፋፋው ከ1880ዎቹ (እ. ኤ. አ.) ወዲህ ነው። በለንደን ፐርሲቫል ኤቨሪት የመመዘኛውን መሣሪያ አወጣ፤ በኒው ዮርክም በ1888 በባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ማስቲካ የሚሸጡ ሣጥኖች ተተከሉ። አሳቡ ግን ከዚህ እጅግ የቆየ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው ሄሮን ገንዘብ ሲጣልበት ለቤተ መቅደስ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ የሚያፈስ ዕቃ በመጽሐፉ ገልጿል። የገንዘቡ ክብደት በውስጥ ያለውን ዘንግ ይጫናል፤ መክፈቻው ይከፈታል፤ ገንዘቡ ተንሸራቶ ሲወድቅ ውሃው ይቆማል። ከሄሮን እስከ ኤቨሪት መሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም መሣሪያው ሰውየውን ሳያውቅ ገንዘቡን ያምናል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ እንዲቆም ሦስት ነገሮች አስቀድመው መገኘት አለባቸው። መጀመሪያ፣ ማንኛውም መንገደኛ በኪሱ የሚይዘው አነስተኛ ገንዘብ፤ ሁለተኛ፣ የገንዘቡ ሁሉ መጠንና ክብደት አንድ መሆን፤ ሦስተኛ፣ ለዚህ ኀላፊ የሚሆን የአገር መንግሥት። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚገኘው የመተማ ገበያ ለረጅም ዘመን የያዘው ሁለተኛውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሣጥኑ የሚሠራውን ሥራ፣ ማለት ገንዘቡን መመርመርንና ዕቃውን መመዘንን፣ የሰው ዓይንና እጅ ይሠራው ነበር። ይህ ሥራ እንዴት ይከናወን እንደ ነበረና ሸክሙ በማን ላይ ይወድቅ እንደ ነበረ መመርመር የገበያውን ታሪክ ከጦርነቱ ታሪክ ባልተናነሰ ያስረዳል።

መተማ የደጋውና የቆላው ሸቀጥ መገናኛ ነበረች። ከጎንደር በኩል ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና በቅሎ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ይመጣል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገሩን ይዘው የነበሩት ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው ምዕራብ የመጡ ተክሩሮች ሲሆኑ፣ ለሐበሻም ለግብፅም ግብር እየከፈሉ ገበያቸውን አቆይተዋል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ. ም. በዚህ ሲያልፍ የገበያውን ሁናቴ ጽፏል፤ ለሽያጭ የቀረቡ ባሮችንም አይቷል።

የዚህ ሁሉ ግብይት ዋና ገንዘብ ጠገራ ብር ነበር። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ በ1780 እ. ኤ. አ. ካረፈች በኋላ ምስሏ ያለበት ብር ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ መመታቱን ቀጠለ። ክብደቱ 28.0668 ግራም ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23.389 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ ግን ይህን ቍጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ምልክቱን ነው። የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቍዎች ይቈጥራል፤ ከምስሏ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ ድምፁን ያዳምጣል፤ በመዳፉም ይመዝነዋል። አንድ ምልክት የጎደለው ወይም መልኩ የፈዘዘ እንደ ሆነ ብሩ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ይመለሳል። በጠርዙ ዙሪያ የተቀረጸው ጽሑፍም ጥቅም ነበረው፤ ጠርዙን የሸረፈ አታላይ ፊደሉን ሳያጠፋ ሊሸርፍ አይችልምና።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ግን ብሩ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚዛን ድንጋይም መሆኑ ነው። ወቄት የሚባለው ልክ ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር ተስተካከለ፤ ከወቄት ነጥር፣ ከነጥር ፈረሱላ ይቈጠራል። ነጥሩ ስንት ወቄት እንደሚይዝ እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል፤ ወቄቱ ግን ብሩ በእጁ ላለ ሰው ሁሉ የተገለጠ ነው። በሚዛኑ በአንደኛው ወገን ሰም፣ በሌላው ወገን ብር ሲቀመጥ ገንዘቡ የዕቃውን ዋጋም ክብደትም ይናገራል። በባቡር ጣቢያ መሣሪያው ገንዘቡን ይፈትናል፤ በመተማ ግን ገንዘቡ ራሱ የመሣሪያው መፈተኛ ነበር።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዐት ለሁሉ እኩል አልነበረም። ጠገራ ብር ትልቅ ገንዘብ እንጂ ለዕለት ጕርስ የሚሆን አይደለም፤ ምንዛሪም የለውም። በደጋው አሞሌ ጨው ይህን ጕድለት በከፊል ይሞላ ነበር፤ እሱም ከአፋር በረሃ ርቆ በተጓዘ ቍጥር ዋጋው ይለዋወጣል። ጥቂት ሰም ወይም ጥቂት ጥጥ ይዞ የመጣ ገበሬ ዋጋው ሙሉ ብር ስለማይሞላ በዕቃ ለመለወጥ ይገደዳል፤ የልውውጡንም ልክ የሚወስነው ሚዛንና ብር ያለው ነጋዴ ነው። ወደ ገበያው በግድ የተነዱት ባሮች ደግሞ ያለ ሚዛን በብር ይቈጠሩ ነበር። በዚያ ብር ጠርዝ ላይ በላቲን የተቀረጸው ቃል «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ነው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. በተደረገው የመተማ ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቈስለው በማግስቱ ዐረፉ፤ የድንበሩ ከተማ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል። በግንቦት 1894 ዓ. ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተደረገው ውል መተማን ለኢትዮጵያ፣ ገላባትን ለሱዳን አደረገ። ያው ውል ሱዳንንና ኡጋንዳን የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ መሬት እንዲያልፍ ለእንግሊዞች ፈቅዶ ነበር፤ ባቡሩ ግን አልተሠራም። የሱዳን ሐዲድ በ1920ዎቹ እ. ኤ. አ. ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ ሲደርስ መተማ ከጣቢያው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቀረች።

አነስተኛውን ገንዘብ ለማምጣት የመጀመሪያውን ትልቅ ሙከራ ያደረጉት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1885 ዓ. ም. ዐወጁ፤ በፓሪስም 1887 ዓ. ም. የተጻፈበትን ብር ከነምንዛሪው፣ ማለት ከአላዱ፣ ከሩቡና ከተሙኑ ጋር፣ አስመቱ። አዲሱ ብር በክብደት ከጠገራው ጋር ቢተካከልም ሕዝቡ የለመደውን ምስል አልተወም። ይህን ልማድ የውጭ መንግሥታትም ዐወቁት። በ1935 እ. ኤ. አ. ኢጣልያ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ብሩን መታች፤ በተከታዩ ዓመት እንግሊዝ በለንደን፣ ኋላም በቦምቤይ መታች። በነሐሴ 1932 ዓ. ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው ቡድን ከመተማ ደቡብ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጎጃም አርበኞች ሲሄድ ለዘመቻው መክፈያ የሆነው ይኸው ጠገራ ነበር። ሺህ ብር 28 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሁለት ሺህ ብር ለአንድ በቅሎ በቂ ጭነት ነው። በአንድ ጦርነት ሁለት ጠላቶች የአንዲት ሟች ንግሥትን ምስል እየመቱ ገበሬውን ለማግባባት ተወዳደሩ።

በሐምሌ 1937 ዓ. ም. በመቶ ሳንቲም የሚመነዘረው የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ ለሣጥኑ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች በአገሩ ተሟሉ። ሣጥኑ ግን ወደ መተማ አልመጣም፤ ቦታውን ሰው ይዞታል። በኢትዮጵያ ከተሞች በየመንገዱ ዳር ትንሽ ሚዛን ዘርግቶ ለጥቂት ገንዘብ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝን ልጅ የጣቢያውን መሣሪያ ሥራ ይሠራል፤ መሣሪያው የማያደርገውን፣ ምንዛሪ መመለስንም፣ ይጨምራል። በመተማ ቆላ ደግሞ ዋናው ሸቀጥ ሰሊጥ ሆኗል፤ የሚመዘነውም በኪሎና በኩንታል ነው። ብሩ ከሚዛኑ ላይ ወርዷል፤ ሚዛኑን የያዘው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ለሻጩ ገበሬ እንደ ቀድሞው ያስፈልገዋል።