ጭሱ ሲገፈፍ የቀረው ብናኝ

ስለ ለንደን ጭስ ሲወራ የሚነሣው ሳልና አስም ነው። የምዕራብ ለንደኑን ሼፈርድስ ቡሽ ያለፈ ዘመን ተከትሎ ለሄደ ግን ልብና አንጎል ከመጀመሪያው ጀምሮ በተጎጂዎቹ መዝገብ ውስጥ ነበሩ፤ ልብ ብሎ ያነበባቸው ሰው ነው ያነሰው። ሰፈሩ ከጭስ ነጻ እንደሚወጣ ተስፋ የተሰጠውም ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ከሼፈርድስ ቡሽ እስከ ባንክ ጣቢያ የተዘረጋው የምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ሲጀምር በኤሌክትሪክ ነበር የሚሄደው፤ ቀደምቶቹ የሜትሮፖሊታን የምድር ውስጥ መስመሮች በእንፋሎት ባቡር ጭስ ይታፈኑ ነበርና ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ጣቢያ ግን እዚያው ሰፈር ዉድ ሌን መንገድ ላይ የድንጋይ ከሰል ያነድድ ነበር። ተሳፋሪው ከጭሱ ተገላገለ፣ የሰፈሩ ነዋሪ ተቀበለው።

እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 5 እስከ 9 ቀን 1952 ነፋሱ ጸጥ አለ፤ ከላይ ያለው ሞቃት አየር በከተማዋ ላይ እንደ ምጣድ አክንባሎ ተደፋ። ብርዱ ስለከፋ በየቤቱ ከሰል ይነድ ነበር፤ ጭሱም መውጫ አጣ። ወዲያው ከተለመደው በላይ ወደ 4,000 ሰው መሞቱ ተገመተ። ብሮንካይተስ ብዙውን ገደለ፤ ይሁን እንጂ በዚያው የሞት መዝገብ በልብ ደም ሥር ሕመም የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከቀዳሚው ሳምንት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሞቱ አለመርገቡን የጤና ሹማምንት በኢንፍሉዌንዛ አሳበቡት። ክርክሩ ባዶ አልነበረም፤ ክረምት ነውና ጉንፋን አይጠፋም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ሚሼል ቤልና ዴቭራ ዴቪስ በ2001 መረጃውን እንደገና ሲመረምሩ እስከ ፌብሩዋሪ 1953 ድረስ ያለው ተጨማሪ ሞት ወደ 12,000 እንደሚጠጋና ኢንፍሉዌንዛ ብቻውን ሊያስረዳው እንደማይችል አሳዩ።

የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግ የሚታየውን ጭስ ቀነሰ፤ ትልቅ ድል ነው፣ ሊናቅም አይገባም። ችግሩ ዓይን ያየው ሲገፈፍ ሥራው ያለቀ መምሰሉ ነው። በ1970 የዌስትዌይ መንገድና ወደ ሼፈርድስ ቡሽ የሚወርደው ዌስት ክሮስ ሩት ተከፈቱ፤ የከሰሉን ቦታ የመኪና ጭስ ወሰደው። በ2001 ዓመታዊው የመኪና ግብር በካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መተመን ሲጀምር ደግሞ የናፍጣ መኪና ተመራጭ ሆነ። ለአየር ንብረት ታስቦ የተደረገ ነገር የጥቃቅኑን ብናኝ ምንጭ በየደጁ አበዛው።

የልብ ሕመምና ስትሮክ የሚመጡት ከምግብ፣ ከሲጋራና ከዕድሜ ነው የሚል ሰው እውነት አለው፤ እውነቱ ግን ግማሽ ነው። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በስድስት የአሜሪካ ከተሞች ከ8,000 የሚበልጡ ሰዎችን ከ14 ዓመት በላይ ተከታትለው በ1993 ባወጡት ጥናት፣ ሲጋራው ከሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላም እጅግ በቆሸሸው ከተማ የሞት መጠን ከንጹሑ በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ። ጥቃቅኑ ብናኝ ከጸጉር 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ መቆጣት ያስነሣል፣ ደም እንዲረጋ ይገፋፋል። በ2017 የኤድንብራ ተመራማሪዎች ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች እጅግ የደቀቀ የወርቅ ብናኝ እንዲተነፍሱ አድርገው በኋላ ከደማቸው አገኙት፤ ስትሮክ ያሰጋቸው ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ከአንገታቸው ደም ሥር በቀዶ ሕክምና በወጣው ስብ ውስጥ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከቤት ውጭ ባለ የአየር ብክለት ያለ ጊዜያቸው ከሞቱት 68 በመቶ የሚሆኑትን የገደለው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው ይላል።

ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ ሼፈርድስ ቡሽ አሮጌ መኪና ክፍያ በሚከፍልበት እጅግ ዝቅተኛ ልቀት ቀጠና ውስጥ ነው። ለውጡ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ኤሌክትሪክ መኪናም የጎማና የፍሬን ብናኝ ያወጣል። እንግሊዝ በ2023 ያጸደቀችው ደንብ በ2040 የጥቃቅን ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በሜትር ኩብ ወደ 10 ማይክሮግራም እንዲወርድ ያዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው 5 ነው። ደንቡ በወጣ ዓመት በሰፈሩ አክስብሪጅ ሮድ ላይ ከሀበሻ ቤተሰብ የተወለደ ሕፃን ያን ጊዜ 17 ዓመት ይሞላዋል፤ የሚተነፍሰው አየር ግን ሕጉ ቢከበር እንኳ ከሚመከረው እጥፍ ብናኝ ሊይዝ ተፈቅዷል።