ዋግ ያወረዳቸው የስንዴ ስሞች

የአገራችንን ታሪክ በነገሥታት ስም መክፈል ለምደናል፤ የቴዎድሮስ ዘመን፣ የዮሐንስ ዘመን፣ የምኒልክ ዘመን እንላለን። የአርሲና የባሌ ስንዴ አምራች ግን ያለፉትን ሃምሳ ዓመታት በዘር ስም ቢቆጥር አይፈረድበትም፤ የእንቆይ ዘመን፣ የዳሽን ዘመን፣ የኩብሳ ዘመን፣ የዲገሉ ዘመን። አራቱም በየተራቸው ነግሠው የነበሩ የስንዴ ዝርያዎች ናቸው። አራቱንም ያወረዳቸው ዋግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋግ እንግዳ ቃል አይደለም። ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ባቀረበው ጸሎት ውስጥ ከራብ፣ ከቸነፈርና ከአንበጣ ጋር ተሰልፎ እናገኘዋለን። ሣይንስ ደግሞ ፈንገስ ይለዋል። የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በግንድ ዋግ የተመታን ስንዴ የዳሰሰ ሰው ጣቱ ላይ የዛገ ብረት የመሰለ ብናኝ ይቀርበታል። ያ ብናኝ የበሽታው ዘር ነው፤ ነፋስ አንሥቶት ወንዝና ተራራ፣ ሲመችም ባሕር ያሻግረዋል።

ይህን ጠላት ማሳደድ የተጀመረው ከእርሻ ሳይሆን ከቁጥቋጦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአውሮፓ ገበሬዎች በርበሪስ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ በበቀለበት አጥር ሥር ስንዴያቸው እንደሚዝግ አስተውለው ኖሯል። ምክንያቱን ያረጋገጠው ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ ነው፤ በ1865 ዓ.ም. የስንዴው ዋግ የሕይወቱን ከፊል በዚያ ቁጥቋጦ ቅጠል ላይ እንደሚያሳልፍ አሳየ። ከዚህም የከፋው፣ ፈንገሱ የሚዳቀለውና አዲስ ጠባይ ይዞ የሚወጣው እዚያው ላይ መሆኑ ነው። አሜሪካኖች ከ1918 ጀምሮ ቁጥቋጦውን ከሥሩ ለመንቀል በዘመቻ ወጡ። የበርበሪስ ዘመድ በእኛም ደጋ ይበቅላል፤ ስለዚህ የዋግ አሰሳ ማሳው ድንበር ላይ የሚያቆም ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ አሜሪካዊው ኤልቪን ስታክማን ሌላ ነገር ገለጠ። አንድ የሚመስለው የግንድ ዋግ ለካስ ብዙ ነገድ ነው! አንዱን ስንዴ የሚጥለው ነገድ ሌላውን ላይነካው ይችላል። ዛሬ ነገዱን ለመለየት ሃያ የተመረጡ የስንዴ ዓይነቶች እንደ ምስክር ይቀርባሉ። ብናኙ በሁሉም ላይ ይደረግና ማን ታመመ፣ ማን ዳነ ተብሎ ይመዘገባል፤ ከዚያም በአምስት የላቲን ፊደላት ስም ይወጣለታል። በእኛ አገር ይህ ሥራ ሲሠራ የኖረው አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ነው።

አሁን ወደ ነገሥታቱ እንመለስ። የዱር ፍሬውን ስም የወረሰው እንቆይ በ1974 ተለቀቀና ለሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ በ1993 እና 1994 የግንድ ዋግ ወርዶበት ከማሳ ወጣ። ዳሽን በ1988 በቢጫ ዋግ ተመታ፤ የተራራውን ያህል አልጸናም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ኩብሳ የሜክሲኮው ዓለም አቀፍ ማዕከል ካዳቀላቸው ዝነኛ ስንዴዎች የተገኘ ነው። ምርቱ ጥሩ ነበርና ደጋውን ሸፈነው። በ2010 ቢጫ ዋግ መጣና ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ የስንዴ መሬት ተነካ።

ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ሲጎበኝ ያስደነቀው የስንዴያችን ብዛትና ልዩነት ነበር። በአንድ ማሳ ነጩም ጥቁሩም፣ ረጅሙም አጭሩም ተደባልቆ ይበቅላል፤ ዋግ ቢመጣ አንዱን ያገኝና ሌላውን ይስታል። ታዲያ አዳቃዮቹን ልንወቅስ ነው? እኔ አልወቅስም። ያ ድብልቅ ስንዴ ምርቱ ትንሽ ነበር፤ ከተሜው ደግሞ በየማለዳው ዳቦ ይጠይቃል። ነገር ግን አንድ ዝርያ አገር ባለበሰ ቁጥር ዋግ የሚፈልገው ቁልፍ አንድ ብቻ እንደሚሆን መሸሸግ አይቻልም።

የዲገሉ ነገር ከሁሉም ይለያል። በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ ታይቶ በማግስቱ ዓመት የተለየው ዩጂ 99 የሚባለው የግንድ ዋግ ዓለምን አስደንግጦ ነበር። በ2003 ኢትዮጵያ፣ በ2006 የመንና ሱዳን፣ በ2007 ኢራን ደረሰ። የኖቤል ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግ በ91 ዓመታቸው፣ በ2005፣ ናይሮቢ ድረስ መጥተው አስጠነቀቁ። በዚያው ዓመት የተለቀቀው ዲገሉ ዩጂ 99ን ይቋቋማል፤ ቢጫ ዋግንም ይቋቋማል። ስለዚህ በ2010 ኩብሳ ሲወድቅ ቆሞ የታየው እሱ ነበር፤ ገበሬውም ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። ማን በድሎት?

በ2013 ዓ.ም.፣ በኅዳር ግድም፣ የባሌና የአርሲ ዲገሉ ይዝግ ጀመር። ወረርሽኙ እስከ ጥር ዘለቀ፤ በአንዳንድ ማሳ ጠቅላላ ምርቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሁሉም ዩጂ 99 መስሎት ሊሆን ይችላል። ከ64 ናሙናዎች 106 ንጹሕ ዘሮች ተነጥለው ሲመረመሩ ግን አራት ነገዶች ተገኙ፤ ዋናው ጥፋተኛ ቲ-ኬ-ቲ-ቲ-ኤፍ የሚባለው፣ ከዩጂ 99 ጋር የዘር ሐረግ የማይገናኝ ነው። ዓለም በሩን ሲጠብቅ ሌላው በመስኮት ገባ።

ይህ ነገድ የተገኘበት የመጀመሪያው ናሙና ከምዕራብ አርሲ የተለቀመው በመስከረም መጨረሻ፣ ወረርሽኙ ሊፈነዳ ወር ገደማ ሲቀረው ነበር። ናሙና መልቀም ግን ስሙን ማወቅ አይደለም። ብናኙ መራባት አለበት፤ ሃያዎቹ ምስክሮች ላይ ተደርጎ ውጤቱ እስኪነበብ ሌላ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ወደ ሚኔሶታው ላቦራቶሪ ይላክ ከተባለ ደግሞ ክረምታቸው መግባት አለበት፤ በብርዱ ወቅት ብናኙ ቢያመልጥ እንኳ የሚያርፍበት ስንዴ አያገኝም። ገበሬው ግን አንድ ወር ብቻ ነበር የቀረው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለውጧል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ነፋሱ ብናኙን ወዴት እንደሚወስድ አስልተው ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ትንበያ መላክ ጀመሩ። በ2018 ሆለታ ላይ የቢጫ ዋግን ማንነት በሁለት ቀን የሚለይ፣ በሻንጣ የሚያዝ መሣሪያ ተሞከረ። ከዲገሉ በኋላ ኦጎልቾና ኪንግበርድ ለገበሬው ደረሱ። የአሰሳ ቡድኖችም የእነዚህን ማሳ ለማየት በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ከመኪና እየወረዱ፣ የዛገ ግንድ ሲያገኙ ቆርጠው በወረቀት ፖስታ አሽገው ወደ አምቦ ይልካሉ።