ኮሌራና ድንኳኗን የማትነቅለው ከተማ

በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳርቻ ሰፍረው ሳለ፣ በቀድሞው ዘመን ፈንግል ይባል የነበረው ኮሌራ በሠራዊታቸው መካከል ገባ። በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከነበሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ፣ ዝቅተኛውን ስፍራ ለቀው ወደ ደጋ እንዲወጡ መከራቸው፤ ሠራዊቱም ወደ ደብረ ታቦር ተጓዘ። በዚያ ዘመን ከተማ ማለት ከሞላ ጎደል የንጉሥ ሰፈር ነበረና፣ በሽታ ሲገባበት ድንኳኑን ነቅሎ መሄድ ይችል ነበር።

አዲስ አበባ ግን ድንኳኗን ልትነቅል አትችልም። ከተበከለ ውሃ መሸሽ የማትችል ከተማ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ወደ ራስዋ ከማምጣት በቀር ሌላ መንገድ የላትም። በከተማዋ ምሥራቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብና ማጣሪያ ተሠራ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የድሬ ግድብ ታከለበት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያመነጩት የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ ጥልቅ ጉድጓዶች ተመረቁ። ቦሌና የምሥራቁ ሰፈሮች ከኮሌራ የሚጠበቁት በመጀመሪያ በዚህ መስመር ነው።

ይሁን እንጂ ግድብ ብቻውን በሽታን አያግድም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ወረርሽኙ አዲስ አበባ ሲገባ ማጣሪያው በቦታው ነበር። በፈረቃ በሚታደል ውሃ መስመሩ ባዶ በሆነ ሰዓት ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህን ጊዜ የተሰነጠቀ ቧንቧ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የሰረገውን ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። በማጣሪያው የተጨመረው ክሎሪንም በዚህ ቆሻሻ ላይ ተሟጦ ያልቃል። ያን ጊዜ በሽታው በይፋ የተጠራው አተት ተብሎ ነበር፤ ኮሌራ የሚለው ስም በይፋ የተነገረው በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኝ ነው። ስም ሲሸፈን ግን ጥንቃቄውም አብሮ ይላላል፤ ተሕዋሲው እንደሆነ ለስሙ አይጨነቅም።

ግጭት ባለበት አገር ችግሩ ይከፋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ የተነሣው ኮሌራ ወደ ብዙ ክልሎች ተዛምቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡት ምእመናን ላይ ወደቀ። በዚያው ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ተፋፋመ። መንገድ ሲዘጋ ክሎሪንና ለታማሚው የሚጠጣው ጨውና ስኳር አይደርስም፤ ተፈናቃዩ ግን በእግሩም ቢሆን ይጓዛል። ስለዚህ ቋራ ከቦሌ ሩቅ አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ለመሐንዲሱ የሚደርሰው ትምህርት ግልጽ ነው። ሐኪም የታመመውን ያድናል፤ የሚታመመውን ሰው ቁጥር የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቧንቧው ነው። በመስመሩ መጨረሻ ባለችው ቤት ቧንቧ ሲከፈት ግፊትና ክሎሪን መኖሩን ከክረምት በፊት መለካት፣ ድንኳኗን ለማትነቅል ከተማ ከሁሉ የቀደመ መድኃኒት ነው።