ከአርብ ገበያ ወሬ እስከ ስልክ አፕ፦ ዋጋ፣ ምክርና ብር ወደ ገበሬው የመጡበት መንገድ

 

«ለገበሬ የሚጠቅመው አፕ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የአፕ ስም ደርድሮ መስጠት ቀላል ነው፤ ግን ከመጫናችሁ በፊት ነገሩ ከየት እንደመጣ ብናይ ይሻላል። እስካሁን ለገበሬው የመጡት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ጠቅመውታል፣ አንዳንዶቹ አልፈውት ሄደዋል። ለምን?

ድሮ ዋጋ የሚሰማው በገበያ ቀን ነበር። የታች ጋይንቷን አርብ ገበያ ተመልከቱ፤ የከተማዋ ስም ራሱ የገበያ ቀኗ ነው። የመንግሥት አዋጅ በነጋሪት፣ የአገር ወሬ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ የእህል ዋጋ ደግሞ ገበያ ላይ። ችግሩ ዋጋውን የምታውቁት እህሉን ጭናችሁ ከደረሳችሁ በኋላ መሆኑ ነው። አህያዋ ግማሽ ቀን ተጉዛለች፣ ጨውና ጋዝ መገዛት አለበት፣ ጀንበሯም ታዘቀዝቃለች። ነጋዴው ይሄን ሁሉ ያውቃል። ደብረ ታቦር ላይ ትናንት ጤፍ በስንት እንደተሸጠም ያውቃል። እናንተ አታውቁም። እህሉን መልሶ ጭኖ መሄድ ስለሚከብድ በተባለው ዋጋ ትሸጣላችሁ። የዋጋ ልዩነቱ ከእህሉ ጥራት ሳይሆን ከዕውቀቱ ነበር የሚመጣው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው። ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ለጋይንት ገበሬ ግን ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሙሉ ስልክ ማለት የከተማ ሰው ነገር ሆኖ ቆየ። ከወረታ ወልድያ የሚሄደው «የቻይና መንገድ» ነፋስ መውጫን ከመኪና ጋር ሲያገናኝ ዋጋ በሾፌርና በረዳት አፍ መጣ፤ የሬዲዮ የእርሻ ፕሮግራምም ምክር አመጣ። ሬዲዮ ግን ይናገራል እንጂ አይሰማም። «የእኔ ስንዴ ቢጫ ሆኗል፣ ምን ላድርግ?» ብትሉት አይመልስም።

ሞባይል አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም ነው። በፈረንጆቹ 1999 መሆኑ ነው። የሚገርመው፣ በዚያው በ1999 እ.ኤ.አ. የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ ገባ። ፊደሉ መዝገብ ውስጥ ይግባ እንጂ ገበያ ላይ የሚሸጡት ቀፎዎች ለብዙ ዓመት ሀ ሁን አያሳዩም ነበር። ስለዚህ መልእክት ሲላክ አማርኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሮ ዳዊት የሚደግም፣ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ከልጁ የመጣለትን ሦስት መስመር መልእክት ለማንበብ የጎረቤት ተማሪ ይለምናል። መሃይም ያደረገው ስልኩ ነው። በዚያ ላይ አጭር የጽሑፍ መልእክት በ1997 ዓ.ም ከምርጫው በኋላ ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም መግቢያ ድረስ አልነበረም።

ታዲያ ገበሬው ምን አደረገ? ደወለ። ገንዘብ ከሌለው ሚስ ኮል አደረገ። ደብረ ታቦር ያለ የአክስት ልጅ፣ ባሕር ዳር ቀን ሥራ የሄደ ልጅ፣ «ዛሬ ማኛ ስንት ገባ?» ተብሎ ማታ ይጠየቃል፤ ጠዋት አህያዋ ትጫናለች ወይም ትቀራለች። እኔ እንደሚመስለኝ እስከ ዛሬ ድረስ ለአገራችን ገበሬ ከሁሉ የበለጠው የገበያ «አፕ» ይኼ ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በአማርኛ ነው፣ መላሹም የምታምኑት ዘመድ ነው።

በትልቁ የመጣው ሙከራ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ግብይት ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ መሪ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ነበሩ። ዋጋውን በየከተማው በተሰቀለ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ፣ በስልክና በመልእክት ማሳወቅ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ሲጀምር በበቆሎ ሞከረ፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ክብደቱ ወደ ቡናና ሰሊጥ ዞረ። ለጅማና ለሑመራ ሰው ጠቀመ። የእኛ ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። አንድ አፕ «የገበያ ዋጋ ያሳያል» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ የማን ሰብል፣ የየትኛው ገበያ ዋጋ የሚለው ነው። የወገዳ ዋጋ ከአዲስ አበባ እህል በረንዳ ዋጋ የማጓጓዣው፣ የጆንያው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የነጋዴው ትርፍ ሲቀነስ ነው።

ዋጋ ማወቅ ብቻውን እንደማይበቃ ከሌላ አገርም ታይቷል። ኒጀር ውስጥ፣ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ሞባይል በየአካባቢው ሲገባ፣ የእህል ዋጋ በገበያና በገበያ መካከል ያለው ልዩነት እንደጠበበ ተመራማሪዎች ለክተዋል። ምክንያቱም ነጋዴዎቹ ደውለው እህል ወደተወደደበት መጫን ጀመሩ። ገበሬው በአማካይ ያገኘው ዋጋ ግን ይሄን ያህል አልጨመረም። መኪናው የነጋዴው ነዋ! በእኛም አገር እንደዚያው ነው፤ ደውላችሁ ደብረ ታቦር እንደሚሻል ብታውቁ እንኳ ሁለት ኩንታል ለብቻ ተጭኖ አያዋጣም። አምስት ስድስት ጎረቤት በአንድ አይሱዙ፣ ወይም በማኅበሩ በኩል ሲሆን ነው የዋጋው ወሬ ብር የሚሆነው።

ወደ ምክሩ እንምጣ። በሐምሌ 2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028ን ከፈተ። መደወሉ ነጻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውሉ ቋንቋ ትመርጣላችሁ፤ ሲጀምር አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ ነበሩ። የት እንዳላችሁ ከተመዘገባችሁ በኋላ ሰብሉንና ጊዜውን ቁጥር እየነካችሁ ታዳምጣላችሁ፦ የእርሻ ዝግጅት፣ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ አረም። ሚሊዮኖች ደወሉለት። እንዲህ የሆነው የሠለጠነ አፕ ስለሆነ አይደለም። ጭራሽ አፕ አይደለም፤ ባለ አዝራሩ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ የተቀዳ ድምፅ ነው። ፊደል ማንበብ አይጠይቅም። ምዝገባው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ቦታችሁ ስለሚታወቅ እንደ ስንዴ ዋግ ያለ በሽታ ሲነሳ ማስጠንቀቂያ በየወረዳው ለይቶ መላክ ይቻላል። ዋግ በነፋስ ነው የሚመጣው፤ ሰኞ የደረሰው ማስጠንቀቂያና በሁለተኛው ሳምንት የደረሰው ማስጠንቀቂያ እኩል አይደሉም።

በ2009 ዓ.ም የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲያወድም የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በማግስቱ ዓመት ፋምዩስ የሚባል አፕ አወጣ። ማሳ ላይ ኔትዎርክ በሌለበት ትመዘግባላችሁ፣ ኔትዎርክ ሲገኝ ይልከዋል። እንዲህ ያለው አሠራር ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል። ቅጠል ፎቶ አንስታችሁ «በሽታው ይኼ ነው» የሚሉ አፖችም በዝተዋል። እነሱን እንደ ጥርጣሬ ማስጀመሪያ ያዟቸው። አፑ የሚያውቀው የተማረበትን ፎቶ ነው፤ በሌላ አገር ማሳ የተማረ አፕ የጉናን ውርጭ በሽታ ነው ሊላችሁ ይችላል። መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ባለሙያ ይየው።

አሁን ብር። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ላይ ጋይንትና ስማዳም ታቀፉ። የክፍያ ቀን ማለት ረጅም መንገድ፣ ረጅም ሰልፍ፣ አንዳንዴም «ዛሬ የለም፣ ሌላ ቀን ኑ» ነበር። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ በ1999 ዓ.ም ኤምፔሳ ተጀምሮ ከተማ ያለ ልጅ ለገጠር እናቱ በስልክ ብር መላክ ለመደ። እኛ ጋ ኤም ብርና ሄሎ ካሽ ቀደም ብለው ሞከሩት። በሰፊው የገባው ግን ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ነው፤ ዛሬ ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የኬንያው ኤምፔሳም በ2015 ዓ.ም ነሐሴ በሳፋሪኮም በኩል አገራችን ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ላውራ፤ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። በሰልፉ ዘመን ብሩን ለመቀበል ራሳችሁ መገኘት ነበረባችሁ። በስልኩ ዘመን የሚስጥር ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ እናንተን ነው። ቁጥሩን ለወኪሉ ነግሮ «አንተ አውጣልኝ» ማለት፣ ስልኩ ጀርባ ላይ ጽፎ መለጠፍ፣ ለሰፈር ልጅ መስጠት ሳጥኑን ከነቁልፉ እንደ መስጠት ነው። ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ካሉ ቁጥሩን በጣታቸው እንዲለምዱት አድርጉ። አራትና ስድስት አሃዝ በጣት እንቅስቃሴ ይያዛል፤ የአዝራሩ ቦታ አይለወጥም።

«በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ መልሱልኝ» ብሎ የሚደውል ከመጣ፣ የጽሑፍ መልእክቱን ብቻ አትመኑ። መልእክት ማንም አስመስሎ ይጽፋል። በራሳችሁ እጅ *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ብሩ ካልገባ ነገሩ አለቀ። «የመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሩኝ» የሚል ደግሞ ማንም ይሁን ማን ሌባ ነው።

ኮከብና መሰላል ያለባቸው እነዚህ ቁጥሮች ሌላም ጥቅም አላቸው። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ያለ ኢንተርኔት ኖረናል። ያኔ አፑ ስልኩ ላይ ያለ ሥዕል ብቻ ነበር። የድምፅ ኔትዎርክ ባለበት ቦታ ግን *127# የቴሌብርን፣ *847# የሲቢኢ ብርን ያለ ኢንተርኔት ያሠራሉ። ስማርት ስልክ ያላችሁም ብትሆኑ ሁለቱን መንገድ ልመዱ። ብራችሁን በሙሉ ደግሞ ስልክ ውስጥ አታድርጉ፤ ወኪሉ ጥሬ ብር የሚያጣበት፣ ኔትዎርክም ጨርሶ የሚጠፋበት ቀን አለ።

የመሬት መለኪያ አፕም ታሪክ አለው። ከሳተላይት ቦታ የሚነግረውን ጂፒኤስ አሜሪካ ለሲቪሉ ሆን ብላ ታዛባው ነበር፤ ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ይደርሳል። ማዛባቱን ያቆመችው በ1992 ዓ.ም ነው። ክልላችን በ1995 ዓ.ም ገደማ የመሬት ደብተር መስጠት ሲጀምር አብዛኛው ማሳ የተለካው በገመድና በሜትር ነበር። ዛሬ ስልካችሁን ይዛችሁ ማሳውን ስትዞሩ አፑ ስፋቱን ይነግራችኋል፤ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ አትደንግጡ። ተዳፋት ላይ ገመድ ቁልቁለቱን ተከትሎ ስለሚሄድ ያበዛል፣ ጂፒኤስ ደግሞ እንደ ካርታ አግድም ነው የሚያየው። ስልኩም ሦስት አራት ሜትር ይስታል። አንድ ጥማድ 50 በ50 ሜትር ቢሆን 2,500 ካሬ ነው፤ በየጎኑ 3 ሜትር ቢጨምርባችሁ 2,809 ይላችኋል። ምክሩ በሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ ከሆነ ለጥማዷ 25 ኪሎ መሆን ሲገባው 28 ልትገዙ ነው። በዛሬው የማዳበሪያ ዋጋ ሦስት ኪሎ ቀላል አይደለም። ከባሕር ዛፍ ራቅ ብላችሁ፣ በየማዕዘኑ ትንሽ ቆማችሁ፣ ሁለቴ ዙሩና አማካዩን ያዙ። ለድንበር ክርክር ግን አፑን ማስረጃ አታድርጉት፤ ጎረቤት የምታጣሉበት ሦስት ሜትር የስልኩ ስህተት ሊሆን ይችላል።

የአየር ሁኔታ አፕ ስትከፍቱ ሁለት ነገር አስሉ። አንደኛ ከፍታ። አፑ የነፋስ መውጫን ሙቀት ከነገራችሁ ያ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁል ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ የበሽሎና የዓባይ ቆላ ላይ ያላችሁ የስማዳ ሰዎች በዚያው አስተካክሉት። ሁለተኛ ቀኑ። ከፈረንጁ ጁንና ጁላይ 7 ስትቀንሱ ሰኔና ሐምሌን ታገኛላችሁ፣ ከኦገስት 6 ስትቀንሱ ነሐሴን። ጁላይ 15 ዝናብ ካለ ሐምሌ 8 ነው፤ የሥላሴ ማግስት።

መጻፍ ለሚከብዳችሁ፣ ከ2009 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የጎግል ኪቦርድ አማርኛን በድምፅ ይሰማል። ማይክሮፎኑን ነክታችሁ ስትናገሩ ይጽፍላችኋል፤ የሰብልና የቦታ ስም ላይ ይሳሳታልና ከመላካችሁ በፊት አስነብቡት። ካልሆነ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን። ስትልኩ ቀበሌውን፣ ሰብሉን፣ የተዘራበትን ቀን ንገሩን። ፎቶ ከሆነ አንድ ከሩቅ ማሳውን፣ አንድ ከቅርብ ቅጠሉን፣ አንድ ደግሞ የቅጠሉን ጀርባ አንሱ።