የጋያ ጭስና የነርቭ ሕመም

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በተነሣ ቁጥር ስማቸው ቀድሞ የሚጠራው አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው ትምህርትን አስፋፉ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ደቀ መዛሙርትም አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 ያስጻፉት አራቱ ወንጌል የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከአምባሰል ተራሮች በስተምዕራብ ርቆ፣ በበጌምድር፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኝ አንድ ዋሻ ደግሞ ከዚያው ዘመን አካባቢ ሌላ ዓይነት ምስክር አቆይቶልናል፤ በሸክላ ላይ የደረቀ የጭስ እድፍ።

ዋሻው ላሊበላ ይባላል፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዋ ጆአን ዶምብሮውስኪ ቆፍረው ካወጧቸው ነገሮች መካከል ከሸክላ የተሠሩ ሁለት የጋያ አናቶች ነበሩ። ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቨ የተባሉ ተመራማሪ እድፉን በኬሚስትሪ መርምረው የካናቢስ ቅሪት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ጽሑፋቸው አስታወቁ። የካርቦን ልኬቱ እ.ኤ.አ. 1320ን ያመለክታል፤ ወደፊትም ወደኋላም 80 ዓመት ሊዛነፍ ይችላል። እንግዲህ ትምባሆ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ገና ሳይሻገር በአገራችን ካናቢስ በጋያ ይጨስ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ይጨስ የነበረው ለመድኃኒት ነው ወይስ ለደስታ? እድፉ ምን እንደተጨሰ እንጂ ለምን እንደተጨሰ አይናገርም። የመድኃኒትነቱን ታሪክ ለመከተል ወደ ሕንድ መሻገር ግድ ይላል። አይርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦሾኔሲ ካልካታ ሳሉ፣ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ይህን ዕፅ በእንስሳትና በሕሙማን ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1839 ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበሩት ራስል ሬይኖልድስ፣ ዕፁ ለነርቭ ሕመም እንደሚጠቅም “ላንሴት” በተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፉ። ችግሩ ግን አንዱ ቅመም ከሌላው በኃይሉ መለያየቱ ነበር፤ አንዱን ሕመምተኛ ያሻለ መጠን ሌላውን ያሰክራል። በመርፌ የሚሰጥ ሞርፊንና አስፒሪን ሲስፋፉ ሐኪሞች ዕፁን እየተዉት መጡ።

ከዚያ ወዲያ ጉዳዩ ከሐኪም እጅ ወጥቶ ወደ ሕግ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ካናቢስን ከሄሮይን ጎን አሰለፈው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የድርጅቱ የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በ27 ድምፅ ለ25 ከዚህ እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር አወጣው፤ ቁጥጥሩ ግን አልተነሣም። በኢትዮጵያም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ የስም መደበላለቅ አለ። ብዙ ሰው “ዕፀ ፋርስ” ሲባል ሐሺሽ ይመስለዋል። በባህል ሕክምና ግን ይህ ስም አስተናግር ለሚባለው፣ በየአጥሩ ሥር ለሚበቅለው ሌላ ተክል ይሰጣል። አስተናግር ስሙ እንደሚለው ያስለፈልፋል፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ መርዞች ስላሉበትም ሰው ሊገድል ይችላል። የካናቢስን መድኃኒትነት ሰምቶ አስተናግር የሚቀምስ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የነርቭ ሕመም ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። ከደሴ ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ይታወቃል። የሥጋ ደዌ ቆዳን ብቻ የሚያጠቃ ይመስላል እንጂ የሚያጠፋው ነርቭን ነው፤ አንዱን ጣት ያደነዝዛል፣ ሌላውን እንደ እሳት ያቃጥላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው የጥምር መድኃኒት ሕክምና ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የተጎዳው ነርቭ ሕመም ግን ከዳኑ በኋላም ሊቀር ይችላል። ስኳር በሽታና አልማዝ ባለጭራም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ታዲያ ካናቢስ ለእነዚህ ሰዎች ምን ያህል ይጠቅማል? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የኮክሬን ግምገማ 1,750 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 16 ጥናቶች መርምሯል። ሕመሙ በግማሽ የቀለለላቸው ከካናቢስ መድኃኒት ወሳጆች ከመቶ 21 ሲሆኑ፣ መድኃኒት መሳይ ባዶ ነገር ከወሰዱት ደግሞ ከመቶ 17 ነበሩ። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ያቋረጡት ከመቶ 10 ለ5 ናቸው። ማዞር፣ እንቅልፍና የአእምሮ መታወክ ጎልተው ታይተዋል። ጥቅሙ አለ ቢባል እንኳ ጠባብ ነው።

ሰባት መቶ ዓመት መጨሱ ለመድኃኒትነቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ስድሳ ዓመት መከልከሉም ምርመራን የሚዘጋ ምክንያት አይሆንም። ሌሊት ሙሉ እግሩ ለሚቃጠልበት ሰው የሚበጀው እንደ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ያሉ የተፈተኑ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ በቅርቡ መገኘታቸው ነው። ካናቢስም ተራው ከደረሰ መለካት ያለበት በዚሁ ሚዛን ነው።