የቆዳ ማልፋት ታሪክና ውኃን የሚያጠሩ ባክቴሪያዎች

የከተማችን የአርብ ገበያ ስም እንደሚያስረዳው ኑሯችን ከገበያ ጋራ የተያያዘ ነው። በአገራችን ገበያዎች ከሚሸጠው የበሬ፣ የበግና የፍየል ቆዳ ብዙው ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ስለዚህ የፋብሪካው ፍሳሽ ነገር እኛንም ይመለከተናል።

አባቶቻችን ቆዳ የሚያለፉት በእምቧይ ፍሬና በዛፍ ልጣጭ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ግን አውግስቱስ ሹልትዝ የተባለ ሰው በአሜሪካ አገር በክሮም ጨው የማልፋትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ሥራው ፈጠነ፤ ነገር ግን ከቆዳው የተረፈው ክሮም ከፍሳሹ ጋራ መውጣት ጀመረ።

ክሮም በሁለት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው በውኃ የሚሟሟና ነቀርሳ የሚያመጣ ብርቱ መርዝ ነው። ሁለተኛው ጉዳቱ ያነሰ ሲሆን ወደ ታች ይዘቅጣል። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት በሁለተኛው ነው፤ ሆኖም አያያዙ ሲበላሽ ወደ መርዛሙ ሊለወጥ ይችላል። ማዕድን ደግሞ እንደ ሌላው ቆሻሻ በስብሶ አይጠፋም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በቤልጂግ አገር፣ በአንድ የዚንክ ፋብሪካ የፍሳሽ ገንዳ ውስጥ፣ ሌሎችን የሚገድል ማዕድን የማይገድለው ባክቴሪያ ተገኘ። ምሥጢሩም የገባበትን ማዕድን መልሶ ከሰውነቱ ወደ ውጭ መግፋቱ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሮማኔንኮና ኮሬንኮቭ የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት አየር በሌለበት ውኃ፣ በአየር ፈንታ በመርዛሙ ክሮም እየተጠቀመ የሚኖር ባክቴሪያ መኖሩን አስታወቁ። ይህ ባክቴሪያ መርዛሙን ክሮም ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይለውጠዋል።

በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞጆን የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በባክቴሪያና በሸምበቆ ለማጥራት ሞክረዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ የሚበክለውን ሁሉ ተጠያቂ ያደርጋል።

ነገር ግን አንድ ነገር እንዳንዘነጋ። ባክቴሪያ ማዕድኑን ይለውጠዋል ወይም ይሰበስበዋል እንጂ አያጠፋውም። ክሮሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ሜዳ ላይ ከተጣለ ዝናብ አጥቦ መልሶ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ስለዚህ ባክቴሪያው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ዝቃጩን በደኅና ቦታ ማኖር የሰው ፈንታ ነው።

የጋይንትና የስማዳ ውኃ ወደ በሽሎ ወርዶ ከባሕር ዳር ከሚመጣው ዓባይ ጋራ ይገናኛል። ከመካከላችን ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በትጋት የሚማር ቢነሣ ይህን ውኃ የመጠበቁ ሥራ ይጠብቀዋል።